ሁለተኛው ስም አይዘለል

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በሥነ ጽሑፍ አምዳችሁ በቅርቡ የወጣውን ስለ ደራሲነት የሚያትት ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። የደራሲው ውጥን ለድርሰቱ ፍቺ ዳኛ ሊሆን አይችልም የሚለውን ክርክር አጥርቶ ቢያስረዳም፣ ባለቤቱን ዊምሳትን ብቻ አድርጎ ማቅረቡ አሳዝኖኛል። ክርክሩ የቀረበበት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የታተመው መጣጥፍ የሁለት ሰዎች ሥራ ነው፤ ዊምሳት የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ፣ ቢርድስሊ ደግሞ ፈላስፋ ነበሩ። ቀስ ብሎ ላነበበው ሰው የሁለቱም ሙያ ይታየዋል፦ ግጥም በቅርብ ሲመረመር፣ ከድርሰቱ ውስጥ የሚገኘው ማስረጃም ከውጭ ከሚመጣው በፈላስፋ ጥንቃቄ ሲለይ። አንዱን ስም ስናስቀር ሐሳቡ እንዴት እንደተወለደ አብረን እንሰውራለን።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የሩሲያዊው የሥነ ጽሑፍ አሳቢ የባኽቲን ጓደኞች፣ የሜድቬዴቭና የቮሎሺኖቭ ነገር ነው። ሜድቬዴቭ የፎርማሊስቶችን (የድርሰትን ቅርጽ የሚያስቀድሙ ሐያስያንን) ዘዴ የተቸበት መጽሐፍ በ1928፣ ቮሎሺኖቭ ስለ ማርክሲዝምና ስለ ቋንቋ ፍልስፍና የጻፈው ደግሞ በ1929፣ በየራሳቸው ስም ታትመዋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግን መጻሕፍቱ የባኽቲን ናቸው የሚል ወገን ተነሣ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ቮሎሺኖቭ በ1936 በሳንባ ነቀርሳ ሞቷል፣ ሜድቬዴቭ በ1938 ተረሽኗል፤ «የኔ ነው» ብለው አፍ አውጥተው ለመከራከር እነሱ ራሳቸው በሕይወት አልነበሩም። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት አብረው ሲያነቡና ሲሟገቱ የኖሩ በመሆናቸው፣ ማንኛውም ንግግር ለሌላ ሰው ንግግር የሚሰጥ መልስ ነው የሚለው ሐሳባቸው ከዚያው ሙግት የበቀለ ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለውን ሐሳብ ለአንድ ሰው ብቻ ማስረከብም ሐሳቡን ራሱን መካድ ነው።

እኔም ከአንድ ባልደረባዬ ጋር መጣጥፍ ጽፌ አውቃለሁ። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ አራት ጊዜ ተመላለስን፤ እሱ የሰረዘውን እኔ መለስሁት፣ የመለስሁትን እሱ በሌላ ግሥ ቀየረው። ዛሬ ረቂቁን ሳየው የማናችን እንደሆነች መለየት አልችልም፤ ብቻዬን ብሆን ግን እንደማልጽፋት እርግጠኛ ነኝ።

በ1972 እና በ1980 ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴሌዝና የሥነ ልቦና ትንተና ባለሙያው ጓታሪ አብረው ያሳተሟቸው መጻሕፍትም በየጊዜው «የዴሌዝ» እየተባሉ ይጠቀሳሉ፤ ከአእምሮ ሕሙማን ጋር ሲሠራ የኖረው ጓታሪ ይዞት የመጣው ልምድ በዚያው ይቀራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ የቢርድስሊን ስም የሚመልስ አጭር እርማት እንዲወጣ፣ ወደፊትም በጋራ የተጻፈ ሥራ ሲጠቀስ የጸሐፊዎቹ ስም ሁሉ በታተመበት ቅደም ተከተል እንዲሰፍር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ