ሁግ ደ ፓየን ሀብት ቆፋሪ አልነበረም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመስቀል ጦርነት ዘመን መነኩሴም ወታደርም ስለነበሩት የቴምፕላር ፈረሰኞች በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ የማኅበሩ መሥራች ሁግ ደ ፓየን ከስምንት ጓደኞቹ ጋር በኢየሩሳሌም የሰፈረው ከሰሎሞን መቅደስ ሥር የተቀበረ ሀብት ፍለጋ እንደነበር፣ ተከታዮቹም ታቦተ ጽዮንን ለማግኘት እስከ ላሊበላ እንደዘለቁና የዐለት አብያተ ክርስቲያናቱን እንደፈለፈሉ ተጽፏል። ታሪኩ ልብ አንጠልጣይ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ሰውየው በእርግጥ የሠራውን ሥራ የሚሸፍን በመሆኑ የሚከተለውን ማስተካከያ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁግ በፈረንሳይ ሻምፓኝ ግዛት፣ በትሯ ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው የፓየን መንደር ጌታ ነበር። የመስቀል ጦረኞች በ1099 ኢየሩሳሌምን ከያዙ በኋላ አብዛኞቹ ወደየአገራቸው ስለተመለሱ፣ ከተማዋን ለመሳለም የሚጎርፈውን ምእመን በመንገድ ላይ የሚጠብቀው አልነበረም። በ1119 የትንሣኤ በዓል ሰሞን ወደ ዮርዳኖስ ይወርዱ የነበሩ ተሳላሚዎች ድንገት ተከበው ሦስት መቶ ያህሉ ሲገደሉ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ደግሞ የመስቀል ጦረኞቹ የአንጾኪያ ጦር ከነመሪው አለቀ። ሁግና ባልንጀራው ጎዶፍሯ ደ ሳንቶሜር በድህነት፣ በንጽሕናና በመታዘዝ ሊኖሩ፣ መንገደኛንም በሰይፍ ሊጠብቁ በኢየሩሳሌሙ ፓትርያርክ ፊት ቃል የገቡት በዚህ ጭንቅ ወቅት ነው። የኢየሩሳሌም ንጉሥ ዳግማዊ ባልድዊን ማደሪያ የሰጣቸው በአል አቅሳ መስጊድ ውስጥ ሲሆን፣ ፈረንጆቹ ሕንፃውን «የሰሎሞን መቅደስ» ይሉት ስለነበር «ቴምፕላር» (የመቅደሱ ሰው) የሚለው የማኅበሩ ስም ከዚያ መጣ። የዚያ ትውልድ ጸሐፊ እንደሚነግረን ቤቱ ጣሪያውን ማደስ እንኳ የቸገረ ነበር። ስለ ቁፋሮ ግን በዘመኑ የጻፈ ሰው የለም። «ዘጠኝ ነበሩ» የሚለውም ቢሆን የጢሮሱ ሊቀ ጳጳስ ጊዮም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የጻፈው ነው፤ የሶርያው ፓትርያርክ ሚካኤል በበኩሉ ሠላሳ ያደርሳቸዋል።

ጽሑፋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው የአውሮፓ ጉዞ ከሁሉ ይልቅ ሊተረክ የሚገባው ነበር። ንጉሡ የአንጁውን ባላባት ፉልክን ለልጁ ለሜሊሳንድ ባል እንዲሆን ለመጋበዝና በደማስቆ ላይ የሚዘምት ጦር ለማሰባሰብ መልእክተኞች በላከ ጊዜ ሁግም አብሮ ሄደ። በ1128 የእንግሊዙን ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪን በኖርማንዲ አግኝቶ ወርቅና ብር ተቀበለ፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝና ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ሰበከ። በእንግሊዝ ገዳም ይጻፍ የነበረው ዜና መዋዕል፣ የመጀመሪያውን የመስቀል ጦርነት ካወጀው ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባን ዘመን ወዲህ ያን ያህል ሕዝብ ተከትሎት የሄደ እንደሌለ ከመሰከረ በኋላ ወዲያው ምሬቱን ያፈስሳል፦ በክርስቲያኖችና በአሕዛብ መካከል ታላቅ ጦርነት እንዳለ ነግሯቸው ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ነገሩ ሁሉ ውሸት ሆኖ አገኙት፣ ሕዝቡም ሁሉ በከንቱ ተንገላታ ይላል። በ1129 መጨረሻ በደማስቆ ላይ የተደረገውም ዘመቻ ከሸፈ። መሥራቹን እንደ ቅዱስም ሆነ እንደ ምሥጢረኛ ለሚያዩት ሁሉ ይህን ምስክርነት እንዲያነቡት እመክራለሁ፤ ለእኔ የሚታየኝ ምላሱ የሰላ፣ የያዘውን የማይለቅ ጦር መልማይ ነው።

የጉዞው ዋነኛ ፍሬ በትሯ የተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነው። ጉባኤው የተደረገው በጥር 1129 ሲሆን ሰነዱ 1128 የሚለው በዚያ አካባቢ ዓመቱ በመጋቢት ይለወጥ ስለነበር ነው፤ ሁለት አቆጣጠር ይዞ ለሚኖረው አንባቢያችሁ ይህ አይከብደውም። በጉባኤው የክሌርቮ አበምኔት በርናርድ ተገኝቶ ለማኅበሩ ሥርዓት ተጻፈለት። ሥርዓቱን ያነበበ ሰው ሁግ ምን ዓይነት ኑሮ እንዳሰበ ይረዳል። ፈረሰኛው ከሦስት ፈረስ በላይ አይኖረውም፤ ሥጋ የሚበላው በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሹል አፍንጫ ያለው ጫማ አያደርግም፤ ከአንበሳ በስተቀር አውሬ አያድንም፤ እናቱን እንኳ አይስምም። ሁለት ሁለት ሆነው ከአንድ ሳህን እንዲበሉም ያዝዛል። በአንድ መሶብ ለምንቀርብ ለእኛ ይህ እንግዳ ባይሆንም ምክንያቱ ግን ይለያል፤ ሳህን በማነሱና አንዱ የሌላውን አበላል እንዲከታተል ታስቦ ነው። መነኩሴ ደም ማፍሰስ ይገባዋልን የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ያስጨንቅ ስለነበር፣ ሁግ በርናርድን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ወትውቶ የድጋፍ ጽሑፍ እንዳስጻፈው ራሱ በርናርድ በመግቢያው ላይ ገልጿል።

የማኅበሩ ሀብትም የመጣው ከመሬት ሥር ሳይሆን መሬትና ገንዘብ ከሚለግሱት የአውሮፓ ባላባቶች ነው። ሁግ በ1136 ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ዳግማዊ ማኅበሩን ከጳጳሳት ሥልጣን ነጻ ማውጣቱም ሀብቱን አበዛለት። ስለ ላሊበላ፣ ንጉሡ የነገሡት ሁግ ካረፈ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው፤ የማኅበሩ አባላት ኢትዮጵያን ስለ መርገጣቸው የሚያስረዳ የዘመኑ ሰነድም አልቀረበም። ዐለቱን የፈለፈሉትን የአገራችንን ጠቢባን ሥራ ያለ አንድ ማስረጃ ለባዕድ ፈረሰኞች መስጠት ለአንድ ጋዜጣ ቀላል ስሕተት አይደለም።

በመጨረሻም፣ ከጽሑፉ ጋር የወጣው ሥዕል ሁግን ቀይ መስቀል ያለበት ካባ ለብሶ ያሳየዋል። ቀዩ መስቀል ለማኅበሩ የተፈቀደው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩጂን ሣልሳዊ ዘመን፣ በ1147 ገደማ እንደሆነ ስለሚነገር፣ ቢያንስ ከሥዕሉ ሥር ያለው መግለጫ በሚቀጥለው እትማችሁ እንዲታረም እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር፣ ከባሕር ዳር