የፉርጎው መጠለያ ወድቋል፣ ክረምቱ ሳይገባ እንድረስለት

ሰላም የሰፈር ልጆች፣ እዚሁ አዳማ ያላችሁም ውጭ ያላችሁም። ወሬው ቀድሞን ሳይደርሳችሁ አይቀርም፣ አዎ፣ ኮሚቴያችን በመዋጮ አስነስቶ ለጎብኚ ያሰናዳው የድሮው ባቡር ፉርጎ መጠለያ ወድቋል። ሌሊት ነው የወደቀው፣ ሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም ተመስገን። ጠዋት ስንሄድ ግማሹን ቆርቆሮ የጎረቤት አጥር ላይ ተጠቅልሎ አገኘነው፣ ሞራሌው ወገቡ ላይ ተሰብሮ የፉርጎው ጣሪያ ላይ ተጋድሟል፣ ጣሪያው ደግሞ ድሮም በዝገት የሳሳ ስለነበር ተበስቶ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኗል፣ ዝናቡ በዚያ ገብቶ መደርደሪያው ላይ የነበሩትን የድሮ ትኬቶች አርሷቸዋል። እነዚያን ወፍራም ካርቶን ትኬቶች ታስታውሷቸው የለ፣ ፈረንሳይኛ የተጻፈባቸውን። የዕድራችን ጸሐፊ ቤቷ ወስዳ አንድ በአንድ ጋዜጣ መሀል እያደረገች እያደረቀች ነው፣ አንዳንዶቹ ግን ሲነኳቸው ይላጣሉ።

የአዳማ ነፋስ መቼም አዳማ ነው። ኮረብታው ላይ ለቆሙት የመብራት ማመንጫ ተርባይኖች ሲሳይ ነው፣ ለእኛ ቆርቆሮ ግን አልራራም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ፣ ምክንያቱም ቡና ላይ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። "ባለፈው ያዋጣነው የት ገባ?" ትላላችሁ፣ መጠየቃችሁ መብት ነው፣ ግን "በሉት" ማለት ሌላ ነው። ፉርጎው ጎማው ግማሽ ድረስ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ነበር እኮ፣ ሽንት ቤት ያደረጉት ሰዎች እንደነበሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክሬን አምጥተን አስነስተን ኮንክሪት ላይ አስቀመጥነው፣ ክሬኑ ውድ ነበር፣ ለግማሽ ቀን ሥራ የሙሉ ቀን ነው የተቀበለን፣ ፉርጎ ደግሞ በትከሻ አይነሳም። የዘበኛው ደሞዝ አለ፣ እሱ ባይኖር በሩ ራሱ እስካሁን ተነቅሎ ቆራሌው ጋ ነበር። የዝገት ቀለሙ፣ መደርደሪያው፣ መብራት ማስገቢያው። መጠለያውን መጀመሪያውኑ በብረት ፓይፕ ይሠራ ብለን ነበር፣ ሁለተኛው መዋጮ መሀል ላይ ሲቆም ነው በባህር ዛፍና በሞራሌ የሆነው፣ ይሄ በቃለ ጉባኤ አለ። ደረሰኞቹ በሙሉ ፋይል ውስጥ ናቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ዕድሩ ቢሮ መጥቶ ማየት ለማንም ክፍት ነው፣ እስካሁን መጥቶ ያየ ግን ከጣት ቁጥር አያልፍም፣ ሐሜቱ ላይ ግን ሰው አልጎደለም።

ሌላው ጭቅጭቅ የታሪኩ ነው፣ እሱን ደግሞ መደበቅ አልፈልግም። አጤ ምኒልክ ለስዊሱ አማካሪያቸው ለኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው፣ ሐዲዱ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ደረሰ፣ አዳማም በዚሁ መስመር ላይ ጣቢያ ሆና ነው የደመቀችው። የባቡር ጡረተኞቹ አባቶቻችን "ከተማውን የቆረቆረው ባቡር ነው" ብለው ፉርጎው ጋ ያለው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ አሉ። ሌሎቹ አባቶች ደግሞ "ሐዲዱ ሲመጣ እዚህ መሬት ላይ ከብቱን የሚያግድ ሰው አልነበረም እንዴ፣ እሱስ?" አሉ። ከዚያ ስሙ መጣ፣ በንጉሡ ጊዜ ናዝሬት ተባለ፣ በ1992 አዳማ ወደሚለው ተመለሰ፣ እስከ ዛሬ አንዱ ናዝሬት ሲያመልጠው ሌላው ያርመዋል፣ ተኮራርፈው ከስብሰባ የወጡም አሉ። መጨረሻ ላይ የሁለቱም ወገን ቃል ጎን ለጎን በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ ተባለና ተጻፈ። እኔን ብትጠይቁኝ ኮሚቴው ከክሬኑም በላይ የሠራው ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እነዚህ ሽማግሌዎች አሁን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው ለእንግዳ የሚያስጎበኙት፣ አንዱ ሲናገር ሌላው "ውሸት ነው" እያለ፣ እንግዳው ደግሞ የሚወደው እሱን ነው።

የ1977ቱም ነገር አለ። ጥር 5 ቀን አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ጠመዝማዛው ድልድይ ላይ ፍጥነት ሳይቀንስ ገብቶ ከ400 በላይ ሰው ሲያልቅ ወንድማቸውን ያጡ እናት ሰፈራችን ውስጥ አሉ። በየዓመቱ በዚያ ቀን መጥተው ፉርጎው መወጣጫ ላይ ጧፍ ያበራሉ፣ ሰምዋ ብረቱ ላይ ቀርታለች። "የለቅሶ ቦታ አታድርጉት" ያሉ አሉ፣ እኛ እሳቸውን አንከለክልም ብለናል፣ አሁንም አንከለክልም።

"ይሄ የዛገ ብረት ለቆራሌው ተሸጦ ለዕድሩ ወንበር ይገዛ" ለምትሉም መልስ አለኝ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ2009 ወዲህ ከከተማው ውጭ ነው የሚያልፈው፣ ጣቢያው ራሱ ሩቅ ነው፣ ልጆቻችን ያንን የአንድ ሜትር ሐዲድ የሚነኩት የት ነው? ብረት በኪሎ ተሽጦ የሚገኘው ብር ደግሞ ስንት ወንበር ገዝቶ ያልቃል። ከፖስታ ቤት በባጃጅ ተሳፍረው "የፉርጎው ሰፈር" ብለው የሚመጡ ተማሪዎች አሉ፣ እነሱን ምን ልንላቸው ነው።

ሀምሳ ሎሚውን ደጋግመን ስላወራን ሰው ሰልችቶታል መሰለኝ፣ ስለዚህ በቀጥታ ልናገር። በብረት ፓይፕ ለመሥራት ሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አሰብስበናል፣ በያጁ የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ የእጅ ዋጋውን በግማሽ ቀንሶልናል። ከአንድ ቤት 200 ብር ነው የምንጠይቀው፣ ያለው ይጨምር፣ የሌለው ጉልበቱን ይስጥ፣ ቆርቆሮም እንቀበላለን። ክርስቲያኑ ለነፍሴ ብሎ፣ ሙስሊሙ ሰደቃ ብሎ፣ ለወጉም ቢሆን። ዕድራችን ቀብር ላይ ሃይማኖት ለይቶ አያውቅም፣ እዚህም አይለይም። ሰኔ ሳይገባ ካልከደንነው ግን የተረፈው ወለሉም አይቆይም።

ክፍያ በኮሚቴው ስም በንግድ ባንክ በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው፣ ቁጥሩ ዕድሩ ቢሮ በር ላይ ማህተም ተመትቶበት ተለጥፏል፣ ባለፈው ደረሰኛችሁ ጀርባ ላይም አለ፣ ያው ነው አልተቀየረም። ገንዘቡ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚወጣው። በግለሰብ ስልክ ቴሌብር አትላኩ፣ እኔ ነኝ ብሎ የሚደውል ቢኖርም አትላኩ። ውጭ ያላችሁ ለቤተሰብ ልካችሁ እነሱ ያስገቡ። በኮሚቴው ስም፣ ንግድ ባንክ፣ በር ላይ ያለው ቁጥር። አስገብታችሁ ስሊፑን ለጸሐፊዋ አሳዩ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።