የሞክሼዬ ዕዳ

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክህን ሳላነሳ ቆይቼ ዛሬ ስጽፍልህ ግራ እንደሚገባህ አውቃለሁ። ምክንያቱን እንዳለ ልንገርህ።

የመኪና ብድር ጠይቄ ተከለከልኩ። በ60 ቀን ውስጥ ክሬዲት ሪፖርቴን፣ የብድርና የዕዳ ታሪኬን የያዘውን ወረቀት፣ በነጻ ማየት እንደምችል የእምቢታው ደብዳቤ ላይ ተጽፎ ነበርና አስመጣሁት። ያላወጣሁት ክሬዲት ካርድ አለበት። ኮሌክሽን የገባ፣ ማለት ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ፣ የስልክ ዕዳ አለበት። አድራሻው ደግሞ ዴንቨር፣ አንተ ያለህበት ከተማ።

አብረን ስንኖር የሶሻል ካርዴ፣ ቁጥሩ በስሜ ብድር የሚያስወጣው፣ የት እንደሚቀመጥ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። ገባህ አይደል? ጠረጠርኩህ። ፖሊስ ጋ ሄጄ በስርቆት ላስመዘግብህ አልቻልኩም። ልጠይቅህም አልደፈርኩም። ዘጋሁህ፣ ዕዳውንም ዝም ብዬ ተሸከምኩ።

ዘንድሮ ቤት ልከራይ ስል ሪፖርቱን እንደገና አወጣሁት። ያን ሁሉ ጊዜ የማየው የዕዳውን ገጽ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን፣ ስምና አድራሻ ያለበትን፣ አንብቤው አላውቅም። ከስሜ ሥር በሌላም ስም እንደምጠራ ተጽፏል። የእኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ ከዚያ የማላውቀው ሰው አያት! ሞክሼ አለኝ ለካ። አገራችን ቢሆን እስከ አያት ተጠርተን እንለያይ ነበር። እዚህ ግን አንዱ ፎርም አያትን ይይዛል፣ ሌላው ይጥለዋል። የሁለት ሰው ፋይል በዚህ ተቀላቀለ። የሰረቀኝ ሰው አልነበረም።

ማስተካከሉ ቀላል አልነበረም። እዚህ አሜሪካ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ሪፖርቱን ለሚያወጡት ድርጅቶች ስህተት ነው ብለህ ስትጽፍላቸው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መልስ መስጠት አለባቸው። ጻፍኩ። «ተረጋግጧል» ብለው መለሱልኝ። በጣም ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ዕዳው እውነተኛ ነው፤ የእሱ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። እኔ ደግሞ «ዕዳው ስህተት ነው» ብቻ ነበር ያልኩት። በሁለተኛው ደብዳቤ «ይህ ሌላ ሰው ነው» አልኩ። የመታወቂያዬን ቅጂና በዚያን ጊዜ የት እኖር እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ጨመርኩ። እያንዳንዱን ሂሳብ ለየብቻ ጠቀስኩ። ለአበዳሪውም ላክሁ፣ ለፌዴራሉ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮም አቤት አልኩ። ወጣልኝ። የሱ አድራሻና ስም ከፋይሌ እንዲፋቅም ጠየቅሁ። እነሱ ከቀሩ ዕዳው ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

ያንተም ስም ሞክሼ የሚበዛበት ነውና እባክህ ሪፖርቱን የሚያወጡትን የሦስቱንም ድርጅቶች፣ የኢኩዊፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን፣ አይተህ አረጋግጥ። አሁን በየሳምንቱ በነጻ ይሰጣሉ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምር።

ያንን ሰውዬም አስበዋለሁ። ምናልባት የእኔ ነገር እሱ ጋ ገብቶ ይሆናል።

ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። አንድ ጥያቄ ብጠይቅህ ኖሮ ሁለት ዓመት ባልጠፋን ነበር። ይቅር በለኝ። ስልክህ ያው ከሆነ እሁድ ከሰዓት እደውላለሁ። ባታነሳም አልቀየምህም፤ በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ እደውላለሁ።

ያው ወንድምህ