ቤቱ ተይዟል

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ነህ፣ ጆበርግ እንዴት ይዞሃል? ዓመት ከምናምን ጠፋሁብህ። ስራ በዛብኝ ልልህ ነበር ግን አንተን ምን እሸውድሃለሁ፣ ያኔ ሱቅህ በር ላይ "ክዌሬክዌሬ ውጣ" እያሉ እንደጮሁብህ የላክልኝ ቮይስ ነው አፌን የያዘኝ።

ቃሉ ምንድነው ስልህ፣ ንግግራችን ለጆሯቸው ክዌሬ ክዌሬ ስለሚል ነው አልከኝ፣ እኔም ስሰድባቸው አመሸሁ። በዛው ሳምንት እኛ ግቢ የሆነውን ግን አልነገርኩህም።

የጓሮዋ ሰርቪስ ተለቃ ደላላው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይዞ መጣ። ረጅም፣ ጥቁር፣ ትሁት ልጅ፣ የሶስት ወር በቅድሚያ እከፍላለሁ ያለ። እማዬ በመጋረጃው አየችውና "ሱዳን ነው እንዴ? እነሱን አላስገባም፣ አንዱ ሲገባ አስሩን ይጠራል" አለች፣ ከዛ ያቺን ቃል ጨመረችባት። ልጁ በሩ ጋ ቆሟል፣ አማርኛ አይሰማም ብላ ነው መሰለኝ ድምጿን እንኳን አልቀነሰችም። ወጥቼ "ቤቱ ተይዟል" አልኩት። እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ልጁም ጥርት ባለ አማርኛ "ችግር የለም ወንድሜ" ብሎኝ ሄደ።

ለካ የጋምቤላ ልጅ ነው፣ ኑዌር፣ ደላላው ነው በኋላ የነገረኝ። ኑዌር እኮ እዚህም ደቡብ ሱዳንም አለ፣ ድንበሩ ነው መሀላቸው የገባው። ለእማዬ ስነግራት "ውይ የኛው ነው እንዴ! ታዲያ ለምን አይናገርም?" ብላ ደነገጠች። ምን ብሎ ይናገር? ደሞስ ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ደቡብ ሱዳናዊ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበርን ማለት ነው? እዚህ ላይ ተጣላን፣ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

እናንተ ጋ በ2000 ግንቦት ስደተኛ ይውጣ ተብሎ በተነሳው ረብሻ ከ60 በላይ ሰው ሲገደል ሲሶው የራሳቸው ዜጋ ነበር አይደል፣ እና እንዳንተ አይነቱ ሲሞት ማንም "ውይ" ያለ አይመስለኝም።

ያቺ ቃል ደሞ ከሩቅ አልመጣችም፣ በአባ ጅፋር ጊዜ እዚሁ ጅማ ሂርማታ ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር፣ እኔና አንተ ትምህርት ቤት ፎርፈን ሸንኮራ ስንበላ የነበርንበት ሂርማታ።

ልጁን ባለፈው አጂፕ ጋ አየሁት። አውቆኝ ሰላም አለኝ፣ እኔ ስልኬን የማይ መስዬ አለፍኩ። ሰርቪሷ ውስጥ አሁን የቡና ጆንያ ነው ያለው።

ሱቁስ? በሩን አሰራኸው?