ስድስት ዓመት ላይ የሚበቅለው መንጋጋ የወተት አይደለም

ሰላም ለአዘጋጁ፤

የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ልጄ ቆሎ ስትቆረጥም አመመኝ አለች፤ ሳየው የኋላ መንጋጋዋ ተቦርቡሯል። ጎረቤቱ ሁሉ «የወተት ነው፣ ይወልቃል» አለኝ። ኧረ አይወልቅም! 6 ዓመት ገደማ ላይ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ብቅ የሚለው መንጋጋ ቋሚ ነው፣ ተተኪ የለውም። በማኘኪያ ገጹ ላይ ያሉት ጉብታዎች የሚቀረጹት መንጋጋው ድድ ውስጥ እያለ፣ ገና ሳይጠነክር ነው፤ መጠንከር የሚጀምረውም ልጁ በሚወለድበት ሰሞን ነው፣ ከበቀለ በኋላ ቢፋቅ እንጂ አዲስ ጉብታ አያወጣም። የታችኛው አንደኛ መንጋጋ ብዙ ጊዜ 5 ጉብታ አለው፣ ሁለተኛው 4። የመጨረሻው ግን (እኔ ጭራሽ አልበቀለልኝም) እንደየሰዉ ነው። ምግብ የሚሰገሰገው በጉብታዎቹ መሃል ነው፣ እዚያ ነው የሚበሰብሰው። ስለ ስድስት ዓመቱ መንጋጋ አንድ ዓምድ ብትጽፉ ምን አለበት?