ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ድንበርተኛህ ባሕር ዛፍ

ልጄ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የጎረቤትህ ባሕር ዛፍ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቆርቆሮህን እየገረፈ፣ ቅጠሉም አሸንዳውን እየደፈነ ውኃው በጭቃው ግድግዳ ላይ ይወርዳል ብለሃል። አብሽር፣ መላ አለው፤ ብቻ ገና መጥረቢያ አታንሳ።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ዛፉ የተከለው ሰው ነው። ወደ ግቢህ ስለዘለቀ የአንተ አይሆንም። ሳትጠይቅ ቆርጠህ ዛፉ ቢደርቅ ወይም እንጨቱን ብትወስድ ከሳሽ መሆን ሲገባህ ተከሳሽ ትሆናለህ።

መጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫህን ይዘህ ድንበሩን ጎረቤትህ ባለበት በሜትር ለካ። አጥር ሁልጊዜ ድንበር አይደለም። ቀጥሎ ቡና ሲፈላ ጋሼ ብለህ ንገረው። ከተስማማ በሁለት ምስክር ፊት ጻፉት፦ ማን ይቆርጣል፣ መቼ፣ ሙያተኛውን ማን ይከፍላል፣ እንጨቱ የማን ነው፣ ቆርቆሮ ቢሰበር ማን ይተካል። ባሕር ዛፍ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ «በየዓመቱ» የሚለውን አትርሳ፤ ብዙ ስምምነት የሚፈርሰው በዚህች ቃል መጉደል ነው። እምቢ ካለ ሽማግሌ ላክ። አበጋሮች፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ደም ሲያደርቁ በኖሩበት አገር ለቅርንጫፍ ሽማግሌ አይጠፋም።

ሽማግሌም ካልሰማ ሕጉ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ ይከለክላል። በአንቀጽ 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ብለህ መክሰስ ትችላለህ፤ ግን ሁከቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የጉዳት ካሳ ጥያቄም እንዲሁ 2 ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ቀኑን ከዛሬ ጀምረህ መዝግብ፤ የተቀደደውን ቆርቆሮ ፎቶ አንሣ፣ የምስማርና የቆርቆሮ ደረሰኝ አስቀምጥ፣ ማሳሰቢያህንም በጽሑፍ ሰጥተህ አንዱን ቅጂ አስፈርም። ጥላ አጠላብኝ ብቻ ብለህ ግን አትሂድ፤ ዳኛ የሚያየው ጉዳቱን ነው።

ሲቆረጥ ደግሞ ወፍራሙን ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ አታስመታው፤ በክብደቱ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይላጣል፣ ቁስሉም ይበሰብሳል። ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ መጀመሪያ ከሥር ሲሶውን በመጋዝ ይግባ፤ ቀጥሎ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቁረጥ፤ የቀረውን ጉቶ በመጨረሻ ከአንገቱ ላይ፣ ማለት ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ካበጠው ቦታ ጫፍ፣ ያንሣው። ጣሪያህ ላይ እንዳይወድቅ አስቀድሞ በገመድ ይታሰር። የመብራት ሽቦ ከነካው ማንም አይንካው፤ መብራት ኃይል አስቀድሞ መስመሩን ያጥፋ።

ይህን ሁሉ ሰኔ ሳይገባ ጨርስ። ገመዱና ሜትሩ እዚህ ቤት አሉ፤ ወደ አንተ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ስናገኝ እልክልሃለሁ።

አባትህ