ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ስለ ደሙ ይጠየቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢው ከተሞች ጥርስ የሚነቅሉ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እነርሱ የሚሄዱ ወላጆች እንዲያነቡት በማሰብ ነው። መነሻዬ በእህቴ ልጅ ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ልጁ 19 ዓመቱ ሲሆን የሚኖረው ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ባለፈው ዓመት የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ሰንብቶ ደሴ መጣና በአንድ ክሊኒክ ተነቀለለት። የተጠየቀው ስኳርና ግፊት እንዳለበት፣ ቁርስም መብላቱን ብቻ ነበር። ደሙ ወዲያው ስለቆመ ጥጡን እንደነከሰ በሚኒባስ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሌሊት ግን አፉ በደም ተሞልቶ ነቃ። እናቱ በኩራዝ ብርሃን የረጋውን ደም በጣቷ ስታወጣለት እንደ ጉበት የጠቆረና የሚዝለገለግ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ቀዩ ደም መፍሰሱን አላቋረጠም። ይጠቅመዋል ብላ በጨው ውኃ ብታጉመጠምጠው ጭራሽ ባሰበት። ሲነጋ ሆስፒታል ስናደርሰው ከንፈሩ ነጥቶ፣ የዋጠውን ደም እያስመለሰ ነበር። ደም ተሰጥቶት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ። ከረጅም ምልልስና ምርመራ በኋላ ሕመሙ ሄሞፊሊያ መሆኑ ተነገረን፤ ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ፕሮቲኖች መካከል ፋክተር 8 የሚባለው በደሙ ውስጥ አነስተኛ ነው።

ደሙ በክሊኒኩ ቆሞ ሌሊት የተመለሰበትን ምክንያት ያስረዳን አንድ ሐኪም ነው። ሰው ሲቆስል በቅድሚያ ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ተሰብስበው ቁስሉን ይደፍኑታል፤ የእህቴ ልጅ ፕላትሌቶች ጤነኞች ስለሆኑ ይህን ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል። ያንን ድፍን እንደ ድር ተጠላልፎ የሚያጸናው ግን ፋይብሪን ነው፤ ፋክተሮቹ ካልተሟሉ ደግሞ ድሩ ሳይጠነክር ይቀርና ከሰዓታት በኋላ ድፍኑ ይላቀቃል። ስለዚህ ታካሚው ከክሊኒኩ ሲወጣ አለመድማቱ ዋስትና ሊሆን አይችልም። ይህ ዓይነቱ ሄሞፊሊያ በግምት ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ቀለል ያለው ደረጃ ያለበት ሰው ጥርሱን እስኪነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና እስኪደረግለት ድረስ ሕመሙን ላያውቀው ይችላል። የአንዳሉስ (የያኔዋ ሙስሊም ስፔን) ሐኪም አል ዘህራዊ ከሺህ ዓመት በፊት ወንዶቻቸው በትንሽ ቁስል ደማቸው ፈሶ ስለሚያልቁባት አንዲት መንደር ሲጽፍ፣ ድዳቸው ታሽቶ ደማቸው ሳይቆም ስለሞቱ ልጆችም ጠቅሷል። ሕመሙ በአፍ በኩል እንደሚገለጥ እንግዲህ ዛሬ ገና የታወቀ ነገር አይደለም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ቤተሰባችን ምልክቱን ቀድሞ ያየው መሆኑ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሲገረዝ ደሙ ለቀናት አልቆመም ነበር፤ በኋላም በልጅነቱ በወደቀበት ደምቶ ሲሞት ቡዳ በላው ተባለና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ሕመሙ በአብዛኛው በእናት በኩል ወደ ወንዶች ልጆች የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ያንን የሚያውቅ ሰው የእህቴን ልጅ ስለ አጎቱ ቢጠይቀው ኖሮ መልሱ ይገኝ ነበር። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወንድ ልጁን ይገርዛል፤ ስለዚህ የትኛው ልጅ ብዙ እንደደማ የማያስታውስ እናት ወይም አያት የለም ማለት ይቻላል። ባለሙያው «የደም መርጋት ችግር አለብህ?» ብሎ ቢጠይቅ «የለብኝም» ከማለት በቀር መልስ አያገኝም። «ስትገረዝ ደምህ ቶሎ ቆሞ ነበር? እንጥልህ ሲቆረጥስ? ነስር ያስቸግርሃል? ጉልበትህ ሳትመታ ያብጣል? ከእናትህ ወንድሞች ደም አልቆም ያለው ሰው ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ይነገረዋል። ሴቶችም የወር አበባቸው ከመጠን በላይ እንደሚበዛና እንደሚረዝም መጠየቅ አለባቸው፤ ቮን ቪለብራንድ የሚባለው ሌላው የደም አለመርጋት ሕመም ወንድ ሴት ሳይለይ የሚወረስ ነውና።

ጥርስ አይነቀል ማለቴ አይደለም። ሕመሙ አስቀድሞ ከታወቀ የጎደለው ፋክተር ከመነቀሉ በፊት ይሰጣል፣ ቁስሉ ይሰፋል፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው መድኃኒትም የረጋው ደም እንዳይሟሟ ለቀናት ይታዘዛል። ማደንዘዣው እንኳ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ጠልቆ የሚወጋው መርፌ ፋክተር ላልተሰጠው ሰው ወደ ውስጥ ደምቶ ጉሮሮን ሊዘጋ ይችላል። ለሕመም ማስታገሻም አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሳይሆን ፓራሲታሞል ነው የሚመረጠው።

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ በተለይም የልብ ቫልቫቸው የተቀየረላቸው ወገኖቻችን፣ ጥርስ ለማስነቀል ብለው መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ። ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው አይ.ኤን.አር የሚባለው ምርመራ ከመነቀሉ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ተሠርቶ ውጤቱ ከ4 በታች ከሆነ ጥርሱ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ በጥንቃቄ ሊነቀል ይችላል፤ ማቋረጡ ግን ቫልቩ ላይ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ድዱ በድንገት አብጦ ሳይነካ የሚደማ ሰውም የደም ቆጠራ ሳይደረግለት ጥርሱ ባይነካ መልካም ነው፤ የደም ካንሰር አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በድድ ላይ ነው።

የክሊኒክ ባለቤቶች እነዚህን ጥያቄዎች በታካሚው ካርድ ላይ በአማርኛ ያሳትሟቸው፤ ወረፋ ለሚጠብቀው ሰውም ግድግዳ ላይ ይለጥፉለት። ወጪው የአንድ ወረቀት ነው።

የእህቴ ልጅ በቀኝ በኩል ያለው መንጋጋ ጥርሱም መበላት ጀምሯል። ይኸኛው ሳይነቀል እንዲሞላለት ቀጠሮ ይዘናል፤ የምርመራውን ወረቀት እናቱ በመቀነቷ ቋጥራ ይዛዋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከደሴ